ፈተናው ላይ ያልተቀመጡት፦ የታዳጊ አገሮችን ተማሪዎች የሳይንስ ችሎታ ስናነጻጽር ምን እያነጻጸርን ነው?

አንድ የእብነ በረድ ስባሪ አለ፤ ክብደቱ 2.0 ግራም ነው። አቼቶ ውስጥ ተነክሮ ያድርና በማግስቱ ወጥቶ፣ ደርቆ ይመዘናል። አሁን ስንት ይሆናል? ከ2.0 ግራም ያነሰ፣ ልክ 2.0 ወይስ የበለጠ?

ጥያቄው በ2006 በብዙ አገሮች ለ15 ዓመት ልጆች ከተሰጠ የሳይንስ ፈተና የተወሰደ ነው (እዚህ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሲድ እብነ በረድን ቀስ በቀስ እንደሚበላው የተማረ ልጅ «ያነሰ» ብሎ ይመልሳል። ይኼኛው ብዙም አያስቸግርም።

ከዚያ ሌላ ጥያቄ ይከተላል። ሙከራውን የሠሩት ተማሪዎች ሁለተኛ የእብነ በረድ ስባሪ ወስደው በተጣራ ውኃ ውስጥም አሳድረዋል። ይህን ያደረጉት ለምንድን ነው? ብዙ ተፈታኝ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። የተጣራ ውኃ እብነ በረድን በአንድ ሌሊት የሚታይ ነገር አያደርገውም፤ ታዲያ ምንም እንደማይሆን የሚጠበቅን ነገር መሞከር ምን ይረባል? ሙሉ ነጥብ የሚያሰጠው መልስ «ለውጡ እንዲመጣ የግድ አሲዱ እንደሚያስፈልግ ለማሳየት» የሚል ነው። «ከአቼቶው ጋር ለማወዳደር» ብሎ ያቆመ ልጅ ከፊል ነጥብ ብቻ ያገኛል። ሙሉ ነጥብ የሚያሰጠው መልስ በፈተናው የችሎታ መሰላል ላይ የተመደበው በመጨረሻው፣ በ6ኛው እርከን ነው።

የመጀመሪያውን ጥያቄ በደንብ ያጠና ልጅ ይመልሰዋል። ሁለተኛውን ለመመለስ ግን አንድ ነገር እንዴት እንደሚታወቅ፣ አንድ ማስረጃ መቼ ማስረጃ እንደሚሆን መረዳት ያስፈልጋል። ይህን በሽምደዳ ማለፍ አይቻልም።

ፊደል መቁጠርና ሳይንስን ማንበብ

ማንበብና መጻፍ የሚችለውን ሰው «ፊደል የቆጠረ» እንለዋለን። አባባሉ ግን ፊደል ለይቶ ማወቅን ብቻ አይመለከትም፤ ደብዳቤ ሲመጣለት አንብቦ የሚረዳ፣ ውል ሲቀርብለት ከመፈረሙ በፊት የሚመረምር ሰው ማለታችን ነው። በሳይንስም እንደዚሁ ነው። ባለሙያዎቹ «ሳይንስ ሊትረሲ» የሚሉት፣ እኔም እዚህ «የሳይንስ ችሎታ» የምለው፣ ቀመር በቃል መያዝን አይደለም። አንድ ሰው በዕለት ኑሮው የሚገጥመውን ሳይንስ ነክ ነገር፣ ለምሳሌ የክትባት ወሬ፣ የመድኃኒት ማስታወቂያ ወይም የአየር ንብረት ሰንጠረዥ፣ አንብቦ ትክክለኛ ውሳኔ ላይ የመድረስ ብቃቱ ነው።

ይህን ለመለካት በዓለም ላይ ስሙ ጎልቶ የሚታወቀው ፈተና ፒሳ ይባላል። የሚያዘጋጀው የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) ሲሆን በ2000 ተጀምሮ በየሦስት ዓመቱ ሲሰጥ ቆይቷል፤ የ2021ዱ ዙር በወረርሽኙ ምክንያት ወደ 2022 ተዛወረ። የሚፈተኑት 15 ዓመት የሞላቸውና ቢያንስ 7ኛ ክፍል የደረሱ ልጆች ናቸው። ንባብ፣ ሒሳብና ሳይንስ ይፈተናሉ፤ በየዙሩ ከሦስቱ አንዱ ዋና ሆኖ በስፋት ይለካል። ሳይንስ ዋና የነበረው በ2006 እና በ2015 ነው፤ በ2025ም ተራው ደርሶታል።

የ2015ቱ ማዕቀፍ ከተማሪው ሦስት ነገሮችን ይጠብቃል። የተፈጥሮን ክስተት በሳይንስ ማስረዳት፣ ጥናት ወይም ሙከራ መንደፍና መመዘን፣ መረጃን ተርጉሞ ሳይንሳዊ መደምደሚያ ላይ መድረስ። የመጀመሪያውን ትምህርት ቤቶች በሙሉ ይብዛም ይነስም ያስተምራሉ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጊዜና ዕቃ ይጠይቃሉ፤ ከምንም በላይ ደግሞ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅን ልጅ የሚታገሥ መምህር ይፈልጋሉ። መምህሩ ሰማንያ ልጅ ፊት ቆሞ፣ ቤተ ሙከራ ሳይኖረው፣ የመጽሐፉን ምዕራፍ ለመጨረስ እየተጣደፈ ከሆነ ያንን የተጣራ ውኃ የት አምጥቶ ያሳያል? የታዳጊ አገሮች ተማሪዎች ዝቅተኛ ነጥብ አመጡ ሲባል በሰማሁ ቁጥር መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ይህ መምህር ነው።

ሌላው ትልቅ ፈተና ቲምስ ነው። ዓለም አቀፉ የትምህርት ምዘና ማኅበር (አይኢኤ) ከ1995 ጀምሮ በየአራት ዓመቱ ያዘጋጀዋል። ቲምስ የሚመርጠው በዕድሜ ሳይሆን በክፍል ነው፤ የ4ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ይፈትናል። የሚጠይቀውም በሥርዓተ ትምህርት የታቀፈውን፣ ልጁ ይማረዋል ተብሎ የሚታሰበውን ነው። ባጭሩ ቲምስ የተማርከውን ታውቃለህ ወይ ይላል፤ ፒሳ በተማርከው ምን ማድረግ ትችላለህ ይላል። አንድ አገር በአንዱ ፈተና ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ቢል ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም።

ቁጥሩ ራሱ ምን ይላል?

የፒሳ ነጥብ ከመቶ የሚሰጥ ማርክ አይደለም። «አገሪቱ 350 አገኘች» ሲባል ከስንት ብሎ መጠየቅ ያሳስታል። የሳይንሱ ሚዛን የተበጀው በ2006 ሲሆን የኦኢሲዲ አባል አገሮች አማካይ 500፣ በተማሪዎች መካከል ያለው የተለመደ መራራቅ (ስታንዳርድ ዴቪዬሽን) ደግሞ 100 እንዲሆን ተደርጎ ነው። ስለዚህ 400 ያገኘ ልጅ የመለኪያው መነሻ ከሆኑት የበለጸጉ አገሮች አማካይ በአንድ ሙሉ የመራራቅ ስንዝር ዝቅ ብሎ ይገኛል ማለት ነው።

ለእኔ ከነጥቡ ይልቅ እርከኖቹ ይናገራሉ። 410 ነጥብ ላይ 2ኛው እርከን ይጀምራል፤ ድርጅቱ ይህን መሠረታዊ ደረጃ ይለዋል። እዚህ የደረሰ ልጅ አንድ ቀላል ሙከራ ምን ለማወቅ እንደተሠራ መለየት ይችላል፤ ብዙም ካልተወሳሰበ መረጃ ተገቢውን መደምደሚያ ያወጣል። ከዚያ በታች 335 ላይ የሚጀምር አንድ እርከን አለ። እዚያ ያለ ልጅ ቀላል የምክንያትና የውጤት ዝምድናን ይለያል፤ ከሁለት ያልበለጡ ተለዋዋጮች ያሉትን ጥናት በእርዳታ ይሠራል። ከ261 የሚጀምረው እርከን ላይ ያለው ደግሞ በሚያውቀው ነገር ላይ የተመሠረተ ቀላል አዝማሚያ ከሰንጠረዥ ላይ ያያል፤ በግልጽ የተጻፈ መመሪያም ይከተላል።

በ2022 የኦኢሲዲ አማካይ 485 ነበር። ሲንጋፖር 561 አግኝታ ቀዳሚ ሆነች። ካምቦዲያ 347፣ ሞሮኮ 365፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ 360፣ ኢንዶኔዥያ 383፣ ፔሩ 408 አገኙ። የካምቦዲያ 347 ማለት አማካዩ ተማሪ ከመሠረታዊው ደረጃ አንድ ሙሉ እርከን ያህል ወደ ታች ወርዶ ይገኛል ማለት ነው።

እነዚህ ቁጥሮች የግምት ቁጥሮች መሆናቸውንም ልብ ማለት ያሻል። የሚፈተነው ሁሉም ተማሪ አይደለም። መጀመሪያ ትምህርት ቤቶች በዕጣ ይመረጣሉ፤ በተለመደው አሠራር ቢያንስ 150 ናቸው። ከየትምህርት ቤቱ ደግሞ ተማሪዎች በዕጣ ይወጣሉ። ሁሉም ልጅ ሁሉንም ጥያቄ አያገኝም፤ አንዱ የደረሰው ጥራዝ ከጎኑ ከተቀመጠው ይለያል። ከዚህ ሁሉ ተሰልቶ የሚወጣው አማካይ ግራና ቀኝ የሚያወላዳ የስሕተት ህዳግ አለው። ሁለት አገሮች በሦስትና በአራት ነጥብ ቢለያዩ አንዱ ከሌላው ይበልጣል ብሎ መናገር አይቻልም። ጋዜጦች «52ኛ ወጣን፣ እነ እገሌ 49ኛ ናቸው» እያሉ የሚጽፉት አብዛኛውን ጊዜ መሠረት የለውም። ደረጃው ራሱ ስንት አገር ተሳተፈ በሚለው ይለወጣል፤ ነጥቡ ባለበት ቆሞ አዳዲስ አገሮች ቢገቡ አገሪቱ «የወረደች» ትመስላለች።

ለበለጸጉት የተሰፋ ልብስ

ለብዙ ዓመታት የፒሳ ትልቁ ችግር ጥያቄዎቹ ለታዳጊ አገሮች ከባድ መሆናቸው ብቻ አልነበረም። ከባድ ጥያቄ በበዛበት ፈተና ላይ ብዙ ልጅ ዜሮ አካባቢ ሲከማች በመካከላቸው ያለው ልዩነት ይጠፋል። አንዱ ሰንጠረዥ ማንበብ ይችላል፣ ሌላው ጨርሶ አይችልም፤ ፈተናው ግን ሁለቱንም «ዝቅተኛ» ብሎ ባንድ ከረጢት ይከታቸዋል። የቤት ኑሮን የሚጠይቀው መጠይቅም እንዲሁ ነበር። የራስህ የጥናት ክፍል አለህ? ኮምፒዩተር አለህ? የሚሉ ጥያቄዎች አብዛኛው ልጅ «የለኝም» በሚልበት አገር ድኻውን ከባሰው ድኻ አይለዩም።

ለዚህ መላ ሆኖ የመጣው «ፒሳ ለልማት» የተባለው ሥራ ነው። በ2017 ካምቦዲያ፣ ኢኳዶር፣ ጓቴማላ፣ ሆንዱራስ፣ ፓራጓይ፣ ሴኔጋልና ዛምቢያ በወረቀት ተፈተኑ። ቀላል ጥያቄዎች በርከት ተደርገው ገቡ፤ ድህነትን ይበልጥ የሚለኩ ጥያቄዎች ተጨመሩ። ሚዛኑ ግን አልተቀየረም፤ ውጤቱ በዋናው ፒሳ ሚዛን ላይ እንዲነበብ ተደርጎ ተሰላ። በሳይንስ ኢኳዶር 399፣ ሆንዱራስ 370፣ ጓቴማላ 365፣ ፓራጓይ 358፣ ካምቦዲያ 330፣ ሴኔጋልና ዛምቢያ እያንዳንዳቸው 309 አገኙ።

ሴኔጋልና ዛምቢያ እኩል 309 አገኙ፤ በሰንጠረዥ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሆኖም የሴኔጋሉ ቁጥር ከአገሪቱ የ15 ዓመት ልጆች መካከል የሚወክለው 29 በመቶ ያህሉን ነው። የዛምቢያው 36 በመቶ ያህሉን ይወክላል። የቀሩት ወይ ትምህርት ቤት የሉም፣ ወይ ገና 7ኛ ክፍል አልደረሱም። ከሁሉ በላይ ማስረዳት የምፈልገው ነገር ይህ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

አንድ መቶ ልጆችን እናስቀምጥ

በ2015 ቬትናም በሳይንስ 525 አገኘች። አሜሪካ በዚያው ዙር 496 አገኘች። ዜናው ዓለምን አዳረሰ፤ ገቢዋ ዝቅተኛ የሆነ አገር ሀብታሟን በለጠች። ከተፈተኑት የቬትናም ልጆች 94 በመቶው መሠረታዊውን 2ኛ እርከን አልፈዋል፤ በአሜሪካ 80 በመቶው።

አሁን ከየአገሩ አንድ መቶ የ15 ዓመት ልጆችን እንውሰድ፤ ትምህርት ቤት ያለውንም የሌለውንም። በቬትናም የዚያ ዓመት ፈተና የወከለው ከመቶው 49ኙን ያህል ነው። ከእነዚህ 94 በመቶው መሠረታዊውን ደረጃ ካለፉ፣ ማለፋቸው የተረጋገጠው ከመቶው 46 ልጆች ገደማ ናቸው። በአሜሪካ ፈተናው የወከለው 84ቱን ያህል ነው፤ የእነሱ 80 በመቶ 67 ልጆች ገደማ ይሆናል። ሰንጠረዡ ተገለበጠ።

ይህ ስሌት የቬትናምን መምህራን ሥራ አያሳንስም። የተፈተኑት ልጆች ያመጡት ውጤት እውነተኛ ነው፤ በእነሱ የኑሮ ደረጃ ካሉ አገሮች ጋር ሲታይ አሁንም የሚያስደንቅ ነው። ከፈተናው ውጪ የቀሩት ሁሉ አይችሉም ማለትም አይቻልም። ስለ እነሱ ግን የምናውቀው የለም፤ ሰንጠረዡም የሌሉ ያህል አልፏቸው ይሄዳል። አማካይ የሚሰላው ከገቡት ላይ ብቻ ነውና፣ ደካማ ልጆቹን ቀድሞ ከትምህርት ቤት ያጣ አገር በወረቀት ላይ ጎበዝ ሊመስል ይችላል። ልጆቹን ሁሉ ይዞ የቆየ አገር ደግሞ ይቀጣል።

ኢንዶኔዥያን ስናይ ይህ በግልጽ ይወጣል። በ2003 ፈተናው የሚወክለው ከአገሪቱ የ15 ዓመት ልጆች 46 በመቶውን ነበር፤ በ2018 85 በመቶ ደረሰ። የሳይንስ ነጥቧ በ2006 393፣ በ2018 396 ነበር። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው «ለአሥራ ምናምን ዓመት ባሉበት ቆመዋል» ይላል። ግን በዚህ ጊዜ ቀድሞ ትምህርት ቤት ያልነበሩ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች፣ አብዛኞቹ ከድኻ ቤተሰብና ከገጠር የመጡ፣ ክፍል ውስጥ ገብተዋል፤ አማካዩም አልወደቀም። እኔ ይህን መቆም አልለውም። በታዳጊ አገሮች የትምህርት ታሪክ ውስጥ ከታዩት ትልልቅ ሥራዎች አንዱ ነው፤ የደረጃ ሰንጠረዡ ግን ሊያሳየው አይችልም።

ካምቦዲያም ተመሳሳይ ነገር አላት። በ2017 ፈተናው የወከለው 28 በመቶ ልጆቿን ሲሆን ነጥቧ 330 ነበር። በ2022 የተወከሉት ወደ 36 በመቶ ከፍ አሉ፤ ነጥቡም ወደ 347 ወጣ። ሁለቱ አብረው መውጣታቸው እንዳለ ሆኖ መነሻው ግን ልብ ይሰብራል። በ2022 ከተፈተኑት የካምቦዲያ ልጆች መሠረታዊውን የሳይንስ ደረጃ ያለፉት 10 በመቶ ያህሉ ናቸው። የመቶ ልጆቹን ስሌት ብንደግመው ማለፋቸው የተረጋገጠው አራት እንኳ አይሞሉም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ጉዳይም አለ፤ «አገር» የሚለው ስም ማንን ይዟል? በ2015 በቻይና ስም የተፈተኑት ቤይጂንግ፣ ሻንጋይ፣ ጂያንግሱና ጓንግዶንግ ናቸው፤ ነጥቡ 518 ነበር። በ2018 ጓንግዶንግ ወጥታ ዠጂያንግ ገባች፤ ነጥቡ 590 ሆነ። ለውጡ ሁሉ በዚህ መጣ ባይባልም ሁለቱን ቁጥሮች አሰልፎ «ቻይና ይህን ያህል አደገች» ማለት አይቻልም፤ የተለካው ሕዝብ አንድ አይደለምና። ሕንድም በ2009ኙ ዙር የተወከለችው በሁለት ክልሎቿ፣ በታሚል ናዱና በሂማቻል ፕራዴሽ ብቻ ነበር። ውጤቱ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ሲሆን እስከ 2022 ባሉት ዙሮች አገሪቱ አልተመለሰችም። ክልሎቹን የሚመለከት ቁጥር ግን እስካሁን ድረስ «የሕንድ» እየተባለ ይጠቀሳል።

ሳይንሱን ነው ወይስ ቋንቋውን?

የሴኔጋል ልጆች የተፈተኑት በፈረንሳይኛ ነው፤ የዛምቢያ ልጆች በእንግሊዝኛ። ቋንቋዎቹ የመማሪያ ቋንቋዎች ናቸው፤ ለብዙዎቹ ልጆች ግን የቤታቸው ቋንቋዎች አይደሉም። የካምቦዲያ ልጆች በክመርኛ ተፈትነዋል። የፒሳ የሳይንስ ጥያቄ ደግሞ አንድ መስመር ብቻ አይደለም፤ ስለ አንድ ክስተት የሚያወራ ጽሑፍ ይቀርብና ከዚያ ተነሥቶ ይጠየቃል። ልጁ አሲድ እብነ በረድን እንደሚበላ ቢያውቅም «ያለ አሲዱ ለውጡ እንደማይመጣ ለማሳየት» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በሁለተኛ ቋንቋው አቀናብሮ መጻፍ ካልቻለ ነጥቡ ይቀርበታል። የተለካው ሳይንሱ ነው ወይስ ፈረንሳይኛው? ሁለቱን ሙሉ በሙሉ ለያይቶ መለካት የቻለ ፈተና አላየሁም።

አዘጋጆቹ በትርጉም በኩል ብዙ ይደክማሉ። ጥያቄዎቹ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ እኩል መነሻ ሆነው ይዘጋጃሉ፤ በየአገሩ ሁለት ተርጓሚዎች ለየብቻ ይተረጉማሉ፣ ሦስተኛ ሰው ያስታርቃል፣ ከዚያ ከውጭ የተመደበ መርማሪ ቃል በቃል ያየዋል። ይህም ሆኖ የሚቀር ነገር አለ። በራሳችን ቋንቋ ብናስበው እንኳ «ኃይል»፣ «ጉልበት»፣ «አቅም» የሚሉትን በዕለት ንግግራችን አንዱን በሌላው እየተካን እንጠቀምባቸዋለን፤ ፊዚክስ ውስጥ ሲገቡ ግን የተለያዩ መለኪያዎች መሆን አለባቸው። ልጁ ጥያቄውን ሲያነብ የትኛው «ኃይል» ነው ብሎ የሚያባክናት ደቂቃ በነጥብ ትመነዘራለች። አንድ ጥያቄ በአንዱ አገር ከሚጠበቀው በላይ ከከበደ አዘጋጆቹ በስታቲስቲክስ ይለዩታል፤ አንዳንዱንም ለዚያ አገር ከስሌት ያወጡታል ወይም ለብቻው ያሰሉታል። በ2018 የቬትናም መልሶች የተከተሉት አካሄድ ከሌሎቹ በመለየቱ ውጤቷ ከሌሎች አገሮች ጋር በማነጻጸሪያ ሰንጠረዦች ላይ ሳይሰለፍ ቀርቷል። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ፈተናው ላይ ያለኝን እምነት ያሳድገዋል እንጂ አይቀንሰውም።

ክፍል፣ ዕድሜና ጊዜ

በቲምስ በኩል ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። በ2011 ጋና በ8ኛ ክፍል ሳይንስ 306 አገኘች፤ ቦትስዋና 404። ልዩነቱ ሰፊ ነው። የቦትስዋና ተፈታኞች ግን የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። የ8ኛ ክፍሉ ፈተና ለተማሪዎቻቸው የሚከብድባቸው አገሮች አንድ ክፍል ከፍ ያሉትን እንዲያስፈትኑ ይፈቀዳል፤ ደቡብ አፍሪካም እንደዚሁ ታደርጋለች። ስለዚህ አማካዩን ብቻ ሳይሆን ከጎኑ ወይም ከግርጌው የተጻፈችውን ትንሿን የክፍል ቁጥር ማንበብ ግድ ነው።

ደቡብ አፍሪካን ከሌላ ማወዳደር ከባድ ከሆነ ከራሷ ጋር ማወዳደር ይቻላል፤ በእኔ እምነት ከማነጻጸሪያዎች ሁሉ የሚሻለውም ይህ ነው። የ9ኛ ክፍል ተማሪዎቿ በ2003 በሳይንስ 268 አገኙ፤ በ2011 332፣ በ2015 358፣ በ2019 370። ቲምስ ዝቅተኛ መነሻ የሚለው 400 ነው፤ አማካዩ ተማሪ ያንን ገና አልነካም። በዓለም ሰንጠረዥ ላይ ሁልጊዜ ከግርጌ ናት። ነገር ግን በ16 ዓመት ውስጥ ከአንድ መቶ ነጥብ በላይ መጨመር ቀላል ነገር አይደለም። ደረጃዋን ብቻ የዘገበ ሁሉ ይህን ሳያይ አልፏል። ፔሩም በፒሳ ሳይንስ በ2009 369 የነበረችው በ2018 404 ደርሳለች፤ ወረርሽኙ ብዙ አገሮችን ቁልቁል በወሰደበት በ2022ም 408 አግኝታለች።

ገንዘብም ይነሣል፤ መነሣትም አለበት። በፒሳ 2022 ትንታኔ መሠረት አንድ አገር ለአንድ ልጅ ከ6 እስከ 15 ዓመቱ በድምሩ የሚያወጣው ወጪ (የመግዛት አቅም ተመጣጥኖ) 75,000 ዶላር ገደማ እስኪደርስ ድረስ ወጪው ሲጨምር ውጤትም አብሮ ይጨምራል፤ ከዚያ በኋላ ዝምድናው ይላላል። ታዳጊ አገሮች ከዚያ ጣሪያ እጅግ በታች ናቸው። ለእነሱ የሚጨመር እያንዳንዱ ሳንቲም ገና ዋጋ አለው ማለት ነው። «ገንዘብ ለውጥ አያመጣም» የሚለው ክርክር ለሀብታሞቹ ሊሠራ ይችላል፤ ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ግን አይሠራም።

ተማሪዎች ሳይንስን ምን ያህል እንደሚወዱ የሚጠይቀውን መጠይቅ በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በአንድ አገር ውስጥ ሳይንስ የሚወድ ልጅ የተሻለ ነጥብ ያመጣል። አገሮች ሲወዳደሩ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ዝቅተኛ ነጥብ ያላቸው አገሮች ልጆች ለሳይንስ ከፍ ያለ ፍላጎት ይገልጻሉ። አንዳንዶች ይህን በባህል የአመላለስ ልዩነት ያስረዱታል፤ እውነትነት ሊኖረው ይችላል። እኔ ግን የልጆቹን ቃል ማመን ይቀናኛል። ሳይንስ የኑሮ መውጫ በር ሆኖ በሚታይበት ቦታ ያለ ልጅ ቢጓጓ ምን ይገርማል?

ከፈተናው ውጪ የቀሩትን ለማግኘት ሙከራ ተደርጓል። የ«ፒሳ ለልማት» አንድ ክፍል በጓቴማላ፣ በሆንዱራስ፣ በፓናማ፣ በፓራጓይና በሴኔጋል ከትምህርት ቤት ውጪ ያሉትን፣ ወይም 6ኛ ክፍልና ከዚያ በታች የቀሩትን ከ14 እስከ 16 ዓመት የሆኑ ልጆች ቤት ለቤት እየሄደ በታብሌት ፈትኗል። ልጁ በሥራ ተጠምዶ ከዋለበት ተፈልጎ፣ ታብሌቱ እጁ ላይ ተሰጥቶት፣ መለማመጃው ተከፍቶለት ነው። ፈተናው ንባብና ሒሳብ ነበር። ሳይንስ አልተካተተም፤ የእብነ በረዱ ዓይነት ጥያቄ እዚያ ቤት አልደረሰም።